ጥናቱ ከተረኛዋ ነርስ ዘንድ ሲደርስ



ክረምቱ ሲወጣ በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ የወባ ወራት ይገባል። እኔ ወጣት ነርስ ሳለሁ፣ ከባድ ወባ ይዞት ራሱን ለሳተ ሕፃን የምንሰጠው ኩዊኒን ነበር፤ ከግሉኮስ ጋር ተቀላቅሎ በአራት ሰዓት ቀስ እያለ የሚንጠባጠብ። ጠብታውን በእጅ ሰዓቴ እየቆጠርሁ ያነጋኋቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2010 በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች በ5,425 ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት ታተመ። ኩዊኒን ከተሰጣቸው ከመቶ 10.9 ሲሞቱ፣ አርቴሱኔት ከተሰጣቸው የሞቱት 8.5 ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም በቀጣዩ ዓመት አርቴሱኔትን ለአፍሪካ ሕፃናት መረጠ።

እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ክብደታቸው ከ20 ኪሎ በታች ለሆኑ ሕፃናት መጠኑ በኪሎ ከ2.4 ወደ 3 ሚሊግራም ከፍ አለ። ይህን ያነበበች ነርስ የአጻጻፍ ስሕተት ነው ብላ ብትጠራጠር አልፈርድባትም፤ ለትንሽ ልጅ መጠን መቀነስን እንጂ መጨመርን አላስተማርናትምና። በቀድሞው ስሌት ከትንንሾቹ ደም የሚደርሰው መድኃኒት ያነሰ መሆኑን ብትሰማ ግን፣ ለአዲሱ መጠን ራሷ ትሟገትለታለች።

ስለዚህ ዘንድሮ ጣርማ በርን አልፋችሁ ለተግባር ልምምድ ወደ ቆላው የምትወርዱ ተማሪዎች፣ በተረኞች ርክክብ ላይ አሥር ደቂቃ ለምኑ። አንድ ጥናት ብቻ፣ በአማርኛ አስረዱ። (እንግሊዝኛውን ለእኛ ለመምህራን ተዉልን።) ከዚያ አዳምጡ። የሕፃናት ሚዛን በሌለበት ክፍል በኪሎ የሚታዘዝ መድኃኒት እንዴት እንደሚሰላ ነርሶቹን ጠይቁና መልሳቸውን ይዛችሁልን ኑ።