በወደባችን የሚያልፈው ዕቃ ፋብሪካው ደርሶ ምን ይሠራል?

(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)





እዚህ አዳራሽ ውስጥ ለወደብ እንግዳ የሆነ ሰው የለም። ገሚሳችን ሾፌር፣ ገሚሳችን ትራንዚተር፣ ገሚሳችን ነጋዴ ነን። እናቶቻችንም ከዶራሌ እስከ ፒኬ 12 ላለው ሠራተኛ እንጀራ ያቀርባሉ። እ.ኤ.አ. ከ1998ቱ ጦርነት ወዲህ አብዛኛው የአገራችን የገቢና የወጪ ንግድ በዚህች ከተማ ያልፋል። ይሁን እንጂ ኮንቴይነሩ ጋላፊን ከተሻገረ በኋላ ምን እንደሚሠራ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ዛሬ ላነሣላችሁ የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

ንግድ አገርን ይጠቅማል ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ግን በምን ይታወቃል? የአገሪቱን ጠቅላላ ድምር ብቻ ብናይ የበረታውና የደከመው ፋብሪካ አንድ ላይ ተደምረው ይደበቁብናል። ስለዚህ ተመራማሪዎች እያንዳንዱን ድርጅት ለየብቻ ከዓመት ዓመት ይከታተላሉ። አገራችን ለዚህ የሚሆን መዝገብ አላት። የቀድሞው የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውንና በኃይል በሚንቀሳቀስ መሣሪያ የሚያመርቱትን ፋብሪካዎች ሲመዘግብ ኖሯል። ስንት ሠራተኛ አላቸው? ምን ያህል ጥሬ ዕቃ ከአገር ውስጥ፣ ምን ያህልስ ከውጭ ገዙ? ምን ያህል ሸጡ? ምርታማነት ማለት እንግዲህ በዚያው ሠራተኛ፣ በዚያው ማሽንና በዚያው ጥሬ ዕቃ ከቀድሞው የበለጠ ማምረት መቻል ነው።

ይህ መዝገብ ያስተማረንን ሦስት ነገር ልንገራችሁ።

አንደኛው ስለ ወጪ ንግድ ነው። ወደ ውጭ የሚልኩ ፋብሪካዎች ከሌሎቹ የተሻሉ ሆነው ይገኛሉ። ጥያቄው ግን ጎበዞች ስለሆኑ ነው የላኩት ወይስ በመላካቸው ነው የጎበዙት የሚለው ነው። አንድ ልጅ ጥሩ ትምህርት ቤት ገብቶ አንደኛ ቢወጣ፣ ትምህርት ቤቱ ነው ያጎበዘው ወይስ ድሮም ጎበዝ ነበር? የቀድሞ ካርዱን ሳናይ አንፈርድም። አርነ ቢግስተንና የአገራችን ልጅ ሙሉ ገብረኢየሱስ የፋብሪካዎቹን «የቀድሞ ካርድ» አይተው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ሁለቱም እውነት ሆኖ አግኝተውታል። የበረቱት ይልካሉ፤ ከላኩም በኋላ ይበልጥ ይበረታሉ።

ሁለተኛው ስለ ገቢ ንግድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በአሥር ዓመት ውስጥ የአገራችን ከፍተኛ የቀረጥ መጠን ከ230 በመቶ ወደ 35 በመቶ ወርዷል። እነዚሁ ሁለቱ ከሞንስ ሶደርቦም ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳተሙት፣ ፋብሪካዎቹን ምርታማ ያደረገው በግብዓት ላይ ያለው ቀረጥ መቀነሱ ነው። ከውጭ የሚመጣው ተወዳዳሪ ምርት ቀረጥ መቀነሱ ግን ይህ ነው የሚባል ውጤት አላሳየም።

ሦስተኛው የእኛው ጉዳይ ነው። ፊዮሪኒ፣ ሳንፊሊፖና ሱንዳራም የሚባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1997 ከተጀመረው የመንገድ ልማት ፕሮግራም ጋር አገናኝተው እ.ኤ.አ. በ2021 አሳትመዋል። የቀረጡ መቀነስ ፋብሪካውን የሚጠቅመው ጥሩ መንገድ ባለበት ሆኖ ተገኝቷል። መንግሥት ቀረጡን ቢቀንስም ዕቃው መንገድ ላይ ከቀረ ጥቅሙም አብሮ ይቀራል ማለት ነው።

ይህን ሳነብ የራሴ ጥፋት ትዝ አለኝ። ወጣት ሳለሁ በአንድ ትራንዚት ቢሮ ሠነድ ስሞላ አንድ ቁጥር አሳሳትሁ። የአንድ ፋብሪካ መለዋወጫ ወደብ ላይ ተቀመጠ። እኔ የተቆጣኝን አለቃዬን እንጂ ማሽኑ ቆሞበት እጁን አጣጥፎ የተቀመጠውን ሠራተኛ አላሰብሁም ነበር። ዛሬ ግን አስበዋለሁ። እኛ የምናጠፋው አንድ ቀን ለዚያ ፋብሪካ ተጨማሪ ቀረጥ ነው። የምናተርፈው አንድ ቀንም እንደ ቀረጥ ቅናሽ ነው።

ታዲያ ይህ መዝገብ ሁሉን አያይም። ከአሥር ሠራተኛ በታች ያለውን ጓዳ፣ ጋራዥና ልብስ ስፌት አይቆጥርም። በዚህ ከተማ ያሉት አብዛኞቹ የእኛ ሥራዎች እንደዚያ ያሉ ናቸው። ሒሳባቸውም ያለው በባለቤቱ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ባለቤቱ ሲያልፍ ሒሳቡም አብሮ ያልፋል። ልጆቹም ሱቁ ያተርፍ ወይም ይከስር እንደነበር ሳያውቁ ይዘጉታል። ይህን በዓይናችን አይተናል።

ስለዚህ ወላጆቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ አንድ ደብተር ግዙ። የገባውን፣ የወጣውን፣ የጠፋውን ቀን ጻፉ። ልጆቻችሁም ያግዟችሁ፤ ትምህርት ቤት የተማሩት ሒሳብ ለዚህ ነው። እናንተም ወጣቶች፣ አባታችሁ ከጋላፊ መልስ ደክሞት ሲገባ የጫነው ብረት ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ ፋብሪካ ሥራ ሳይፈታ እንዲውል አድርጎ ነው የመጣው።

ለሚቀጥለው ኢዮቤልዩ ሁላችንንም በጤና ያድርሰን።