ለቅሶ የተከለከለበት ዘመንና የእድራችን ግዴታ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ ስድስተኛ ክፍል ጨርሰን በጽሕፈት ሥራ ያረጀን ሰዎች ነን። ጡረታ ከወጣን ወዲህ የእድሩን መዝገብ እንይዛለን። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው የፖለቲካ ነገር አይደለም፤ የመዝገብ ነገር ነው።

አምና አሮጌውን መዝገብ ወደ አዲሱ ስንገለብጥ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት መጡና «የልጄን ስም ከሟቾች ጋር ጻፉልኝ» አሉን። ልጁ በ1970 ዓ.ም. ታስሮ በዚያው የቀረ ነው። የሞተበትን ቀን ብንጠይቃቸው «ስንቁ የተመለሰበትን ቀን ጻፉ» አሉን። ብዕሩን አስቀምጠን ዝም አልን።

ሽማግሌዎቹ ነገሩን እናውቀዋለን፤ ለወጣቶቹ እናስረዳ። በደርግ ጊዜ፣ ይልቁንም በቀይ ሽብር፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ ሰው ያለ ፍርድ ቤት ይታሰር ነበር። በከተማው የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሳይቀር እስር ቤት ሆነ። ከክፍሉ ጥበት የተነሣ እስረኛው በጎኑ ተጣቦ ይተኛል፤ ለምርመራ ሲጠራ ወፌ ላላ ታስሮ ውስጥ እግሩን ይገረፋል። የሚበላው ቤተሰቡ ያመጣለትን ነው። እናት ስንቅ ይዛ በር ላይ ትሰለፋለች፤ እንጀራው እየተገለጠ ይፈተሻል። ባዶው ሰሐን ከተመለሰ ልጇ አለ ማለት ነው። ምግቡ እንዳለ ከተመለሰና «ከእንግዲህ አታምጪ» ከተባለች ግን መርዶው ያ ነው። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። ብታለቅስ ደግሞ «የፀረ አብዮተኛ እናት» ትባላለች።

ከእኛ አገርማ ሌላም ችግር ነበር። ያኔ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ጅማ ነበረች። ሰው ከቱም ወደ ሚዛን ወይም ወደ ጅማ ተወሰደ ከተባለ፣ በዚያ መንገድ ስንቅ አድራሹ እንዴት ይድረስ?

ይህ በድኻ ልጅ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስልሳ ያህል ባለሥልጣናትና መኮንኖች አዲስ አበባ ዓለም በቃኝ እስር ቤት ያለ ፍርድ ተረሽነው በአንድ ጉድጓድ ተጣሉ። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። አፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። በ1967 ዓ.ም. በእስር ላይ ያረፉት ንጉሠ ነገሥት እንኳ ወግ ያለው ቀብር ያገኙት ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። ታዲያ ንጉሥና ጳጳስ ይህን ያህል ከጠበቁ የጎረቤታችን ልጅ ማን ያስታውሰው?

እኛስ ምን አደረግን? እውነቱን እንናገር። ለዚያች እናት ጡሩንባ አልተነፋም፤ ድንኳን አልተተከለም። ፈርተን በደጃቸው ማለፍ እንኳ ተውን። እሳቸውም የሌላ ሰው ለቅሶ ሲገኝ ያንን ሰበብ አድርገው የራሳቸውን ያለቅሱ ነበር። እድር ማለት እኮ ለዚህ ነበር የተቋቋመው።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ዘመዱ ታስሮ የቀረበት አባል ሬሳ ባይኖርም ድንኳን ይተከልለት፤ የሚገባው ይከፈለው። «ደንቡ አይፈቅድም» የምትሉ አላችሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ሁለት ዓመት ወሬው ከጠፋ መጥፋቱ በፍርድ ቤት እንዲታወጅ ማመልከት ይቻላል ይላል። መንግሥት በሕጉ ያሰበውን እኛ በደንባችን ማሰብ አያቅተንም።

ሁለተኛ፣ አባል ሲታሰር በወርኃዊ መዋጮው ምክንያት አይሰረዝ፤ ጥፋተኛ ይሁን አይሁን ፍርድ ቤት ይወቀው፤ ስንቁን ግን በተራ እናድርስ።

ሦስተኛ፣ ሰው ተወሰደ ሲባል ሽማግሌዎች ሄደው «የት ነው ያለው?» ብለው ይጠይቁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ፣ ቤተሰቡም ይጎብኘው ይላል። መጠየቅ ወንጀል አይደለም። ያኔ ያልጠየቅነው ዛሬም ይቆጨናል።

የልጁን ስም ጽፈናል። የቀብር ቀን በሚለው ቦታ ላይ «ስንቁ የተመለሰ ዕለት» ብለናል። የቀረው ድንኳኑ ነው፤ እሱን እናንተ ወስኑልን።