የመጨረሻዋ ሴኮንድ፦ የጨረታ መዝጊያ ደንብና የመሐንዲስ ኃላፊነት

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር




በዚህ ጉባኤ ላይ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ከእኔ የሚጠበቀው ስለ አንድ ትልቅ ግንባታ ወይም ስለ አንድ አዲስ መሣሪያ መሆኑን አላጣሁትም። እኔ ግን ስለ አንዲት ሴኮንድ ለመናገር መርጫለሁ። ይህችውም በኢንተርኔት የሚካሄድ ጨረታ ሊዘጋ ሲል የምትቀረው የመጨረሻዋ ሴኮንድ ናት። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም፣ እኛው የምንሠራው፣ ኃላፊነቱም በእኛው ላይ የሚወድቅ ጉዳይ መሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

የነገሩ አመጣጥ

ጨረታ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሁለት ዓይነቱን ሁላችንም እናውቃለን። አንደኛው ሐራጅ ነው። ተጫራቾች በአንድ ቦታ ተሰብስበው እየተሰማሙ ዋጋ ይጠራሉ፤ አጫራቹም አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ብሎ ሳይጨርስ አንድ ሰው ዋጋ ከጨመረ ጥሪው እንደገና ይጀመራል። በዚህ ዓይነቱ ጨረታ ዋጋው ለሁሉ ይታያል፤ የመዝጊያው ሰዓት ግን የተወሰነ አይደለም። ሁለተኛው በታሸገ ፖስታ የሚቀርበው ነው። በዚህኛው ሰዓቱ የተወሰነ ነው፤ ሳጥኑ ከታሸገ በኋላ የመጣ ሰው ይመለሳል። ነገር ግን ማንም የሌላውን ዋጋ ስለማያይ፣ ጧት ያስገባና በመጨረሻዋ ደቂቃ ያስገባ ሰው የሚበላለጡበት ምክንያት የለም።

የኢንተርኔት ጨረታ ሲፈጠር እነዚህ ሁለቱ ተዳቀሉ። ዋጋው እንደ ሐራጁ ለሁሉ የሚታይ ሆነ፤ ሰዓቱም እንደ ፖስታው የተወሰነ ሆነ። ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ሁሉ የተወለደው ከዚህ መዳቀል ነው።

ፒየር ኦሚድያር የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሠሪ በሴፕቴምበር 1995 በካሊፎርኒያ «ኦክሽን ዌብ» የሚባለውን፣ በኋላም ኢቤይ ተብሎ የታወቀውን ገበያ ከፈተ። በመጀመሪያ ከተሸጡት ዕቃዎች አንዱ የተበላሸ የሌዘር ማመልከቻ ሲሆን በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም መሸጡ በታሪኩ ውስጥ ይነገራል። በዚህ ገበያ እያንዳንዱ ጨረታ የተቆረጠ ቀንና ሰዓት አለው። ሰዓቱ ሲሞላ፣ ከፍተኛውን ዋጋ የሰጠ ያሸንፋል።

ገበያው ለተጫራቹ አንድ ወኪል ይሰጠዋል። ተጫራቹ «እስከዚህ ድረስ እከፍላለሁ» የሚለውን ከፍተኛ ዋጋ በምሥጢር ያስመዘግባል፤ ኮምፒዩተሩም ስለ እርሱ ሆኖ፣ ሌላው በጨመረ ቁጥር ጥቂት ጥቂት ይጨምርለታል። ምሳሌ ልስጥ። አንድ መሐንዲስ ያገለገለ ኦሲሎስኮፕ ለመግዛት እስከ 240 ዶላር እከፍላለሁ ቢል፣ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ተጫራች 180 ዶላር ቢያስመዘግብና የአንድ ጊዜው ጭማሪ 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ቢሆን፣ አሸናፊው የሚከፍለው 240 ሳይሆን 182 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። የመጨረሻውን ዋጋ የሚወስነው እንግዲህ የሁለተኛው ሰው ዋጋ ነው።

የኢኮኖሚ ምሁሩ ዊልያም ቪክሪ በ1961 ባወጣው ጽሑፍ እንዳመለከተው፣ በታሸገ ጨረታ አሸናፊው የሁለተኛውን ሰው ዋጋ የሚከፍል ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ተጫራች የሚበጀው ዕቃው ለእርሱ የሚያወጣውን እውነተኛ ዋጋ መናገር ነው። ቪክሪ በ1996 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ታዲያ እውነቱን አስመዝግቦ መተኛት የሚበቃ ከሆነ፣ ሰው ስለ ምን እስከ መጨረሻዋ ሴኮንድ ያደባል?

የሚያደባው ሰውና የሚያደባለት ፕሮግራም

ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው፣ ብዙ ተጫራች የመጨረሻ ዋጋውን አስቀድሞ አይቆርጥም፤ ሌላ ሰው ሲበልጠው ብቻ እልህ ይይዘውና ይጨምራል። እንዲህ ካለው ሰው ጋር ቀደም ብሎ መጫረት እሳቱን ማራገብ ነው፤ በመጨረሻዋ ሴኮንድ የመጣ ግን መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ሳይተውለት ያልፋል። ሁለተኛው፣ ዕቃ ማወቅ ራሱ ሀብት ነው። የጥንት ዕቃ አዋቂ ዋጋ መስጠቱ ሲታይ፣ የማያውቀው ሁሉ «ይህ ነገር ቁም ነገር አለው» ብሎ ይከተለዋል። መርካቶ ያደገ ሰው ይህን ሳይማር ያውቀዋል፤ ልቡ የወደደውን ዕቃ ትቶ መጀመሪያ ጎን ያለውን አንሥቶ ይጠይቃል። ሦስተኛው፣ ዋጋ ለማናር ብቻ በሻጩ ተልኮ የሚጫረት ተባባሪ ሊኖር ይችላል፤ ዘግይቶ የሚመጣ ተጫራች ለእንደዚህ ያለው ሰው መጫወቻ አይሆንም።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን አድራጎት ከአድፋጭ ተኳሽ ስም ወስደው «ስናይፒንግ» ይሉታል። ሥራውን የሚሠሩ ፕሮግራሞችም አሉ። ተጫራቹ የዕቃውን ቁጥር፣ ከፍተኛ ዋጋውንና መዝጊያው ስንት ሴኮንድ ሲቀረው እንደሚላክ ይሞላል። ፕሮግራሙ የራሱን ሰዓት ከገበያው ሰርቨር ሰዓት ጋር ያስተያያል፤ መልእክት ሄዶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ ይለካል፤ ከዚያም ሰውየው ተኝቶ ሳለ፣ ሁለት ወይም አምስት ሴኮንድ ሲቀር ዋጋውን ይልካል። ኢቤይ ይህን የመሰለ የመጨረሻ ሰዓት መጫረት አይከለክልም።

መሣሪያው ግን ተአምር አይሠራም። ሌላው ሰው 300 ዶላር አስመዝግቦ ከሆነ፣ 240 ዶላር በማንኛዋም ሴኮንድ ቢደርስ ይሸነፋል፤ ሁለት እኩል ዋጋዎች ከገቡም ያሸነፈው ቀድሞ የገባው ነው። ከዚህም በላይ ተጫራቹ የይለፍ ቃሉን ለሦስተኛ ወገን አሳልፎ ይሰጣል። መስመሩ ከተጨናነቀ ወይም መብራት ከጠፋ ደግሞ ዋጋው ሳይደርስ ሰዓቱ ያልፋል። ከአዲስ አበባ ካሊፎርኒያ ደርሶ የሚመለስ ምልክት፣ ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሚጓዝበት ፍጥነት እንኳ ቢሄድ፣ ከሴኮንድ አንድ አሥረኛ በላይ ይፈጅበታል። በተግባር ደግሞ ከዚህ ብዙ ይዘገያል።

ደንብ ሲለወጥ ጠባይ ይለወጣል

ይህን አድራጎት የሰው ተንኰል ብቻ አድርጎ መውሰድ ይቀናናል። አልቪን ሮትና አክስል ኦከንፌልስ የተባሉ ምሁራን በ2002 ያሳተሙት ጥናት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። በ1999 የተከፈተውና ዛሬ የሌለው የአማዞን የጨረታ ገበያ ከኢቤይ የሚለየው በአንድ ደንብ ነበር፤ ይኸውም በመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች ውስጥ አዲስ ዋጋ ከገባ፣ ጨረታው ከዚያ ዋጋ በኋላ ለሌላ 10 ደቂቃ ይራዘም ነበር። ምሁራኑ የሁለቱን ገበያዎች መዝገብ ሲያስተያዩ፣ በኢቤይ ከኮምፒዩተር ጨረታዎች 40 በመቶ፣ ከጥንታዊ ዕቃ ጨረታዎች ደግሞ 59 በመቶ የሚሆኑት የመጨረሻ ዋጋቸው የገባው በመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች ውስጥ ሆኖ ተገኘ። በአማዞን ይህ የሆነው በ3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር። በሁለቱም ገበያ የሚጫረተው ያው ሰው ነው፤ የተለየው የመዝጊያው ደንብ ነው።

ነገሩም የኮምፒዩተር ዘመን ፈጠራ አይደለም። በ17ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር ጨረታ በሻማ ይካሄድ ነበር፤ ቁራጭ ሻማ ይለኰስና፣ ነበልባሉ ሲጠፋ የመጨረሻውን ዋጋ የጠራው ያሸንፋል። የባሕር ኃይሉ ሹም ሳሙኤል ፒፕስ በ1662 አሮጌ መርከቦች በዚህ መንገድ ሲሸጡ ተመልክቶ በማስታወሻው እንደ መዘገበው፣ አንድ ብልህ ተጫራች ነበልባሉ ሊጠፋ ሲል ጢሱ ወደ ታች እንደሚወርድ ያውቅ ነበርና የመጥሪያው ጊዜ አልተሳተውም። ሻማው የዚያን ዘመን ሰርቨር፣ ጢሱም የዚያን ዘመን ምልክት ነበረ ማለት ይቻላል።

በእኔ ላይ የደረሰው

እስከ አሁን የተናገርሁት ከሌሎች የተማርሁትን ነው። አሁን የራሴን ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እሠራበት የነበረ አንድ መሥሪያ ቤት ያገለገሉ ዕቃዎቹን በውስጥ የኮምፒዩተር መረብ ለሠራተኞቹ በጨረታ ለመሸጥ ወሰነ። ፕሮግራሙን እንድጽፍ የታዘዝሁት እኔ ነበርሁ። ዋጋው ለሁሉ እንዲታይ፣ ጨረታውም ዓርብ ልክ ከቀኑ 10 ሰዓት እንዲዘጋ አደረግሁ። የመዝጊያዋ ትእዛዝ አንዲት መስመር ነበረች፤ ስጽፋትም አንዲት ደቂቃ እንኳ አላሰብሁባትም።

ለሽያጭ ከቀረቡት ዕቃዎች አንዱ አሮጌ ጄኔሬተር ነበር። ይህን ጄኔሬተር ለብዙ ዓመታት የጠገኑት፣ ጡረታቸው የደረሰ አንድ የጥገና ሠራተኛ ልጃቸው ለከፈተው የእንጨት ሥራ ቤት ሊገዙት አሰቡ። ጨረታው ሊዘጋ አንድ ደቂቃ ሲቀረው የእርሳቸው 41,000 ብር ከሁሉ በላይ ነበር። 3 ሴኮንድ ሲቀረው ከአንድ ወጣት የሥራ ባልደረባችን 41,500 ብር ገባ። ሽማግሌው በስልካቸው 45,000 ጽፈው ሲልኩ «ጨረታው ተዘግቷል» የሚል መልስ መጣላቸው።

ሰኞ ወደ ቢሮዬ መጡ። እኔም «ጋሼ፣ ደንቡ እኮ ለሁሉም እኩል ነው» አልኋቸው። እርሳቸውም ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ ዋጋ በልጦኝ ቢሆን ምን እላለሁ፤ የበለጠኝ ግን ዋጋ አይደለም» አሉኝና ወጡ።

መዝገቡን ስመረምር ወጣቱ ዋጋውን የላከው በራሱ በጻፈው አጭር ፕሮግራም መሆኑን አወቅሁ። ጠርቼ ብጠይቀው አልካደም። «የመዝጊያውን ሰዓት የጻፍኸው አንተ ነህ፤ እኔ በጻፍኸው ደንብ ተጫረትሁ» አለኝ። የምመልስለት አላገኘሁም፤ እውነቱን ነበርና። መሥሪያ ቤቱም ቢሆን 45,000 ብር ሊከፍል የፈቀደ ገዥ እያለ በ41,500 ብር ሸጧል። ሽማግሌው ተጐዱ፤ ሻጩም ተጐዳ፤ ያተረፈው ፍጥነት ብቻ ነው።

ሽያጩ በደንቡ መሠረት ጸና። ለሚቀጥለው ዙር ግን ፕሮግራሙን ለወጥሁት። በመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች ውስጥ አዲስ ዋጋ ከገባ ጨረታው ለ5 ደቂቃ እንዲራዘም፣ ተጫራቹ ከፍተኛ ዋጋውን በምሥጢር ማስመዝገብ እንዲችል፣ የሰርቨሩም ሰዓት በሁሉም ገጽ ላይ እንዲታይ አደረግሁ። በዚያ ዙር አንድ ዕቃ ከተቆረጠለት ሰዓት 40 ደቂቃ ዘግይቶ ተዘጋ፤ ሠራተኞቹም ስለ መዘግየቱ አጉረመረሙ። ስለ ፍጥነት ግን ማንም አልከሰሰም። ሽማግሌው ግን በዚያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው ነበር።

ለሠሪውና ለተጫራቹ

ከዚህ በመነሣት ለሙያ ባልደረቦቼ የማሳስበው የሚከተለውን ነው።

ጨረታ የሚያካሂድ ፕሮግራም ስንሠራ የመዝጊያውን ደንብ አውቀን እንምረጥ። ምርጫችንም ሦስት ነው። አንደኛው ማራዘም ነው፤ ይህ ጊዜ ይፈጃል፤ ሰዎች በሳንቲም ጭማሪ እንዳያንዛዙትም ዝቅተኛ የጭማሪ ልክ ሊወሰንለት ይገባል። ሁለተኛው የመዝጊያዋን ቅጽበት በዕጣ መወሰን ነው፤ የለንደን የአክሲዮን ገበያ የቀኑን የመዝጊያ ጨረታ በ30 ሴኮንድ ክልል ውስጥ አስቀድሞ በማይታወቅ ቅጽበት የሚዘጋው የመጨረሻዋን ሴኮንድ ዋጋ ለማሳጣት ነው። ሦስተኛው ወደ ታሸገው ፖስታ መመለስ፣ ማለት ዋጋዎቹን ሁሉ እስከ መክፈቻው መሰወር ነው። የተቆረጠ ሰዓትና የሚታይ ዋጋ በአንድነት ከተያዙ ግን፣ ሽልማቱ ለፈጣን መስመር እንደሚሆን አስቀድሞ ይታወቅ።

የፍጥነት ሽልማት መጨረሻ የለውም። በ2010 በቺካጎና በኒው ዮርክ መካከል አዲስ የመስታወት ክር መስመር የተዘረጋው፣ የአክሲዮን ነጋዴዎች መልእክት ደርሶ የሚመለስበትን ጊዜ ከ16 ወደ 13 ሚሊሴኮንድ ለማውረድ ነበር። ለሦስት ሺኛ ሴኮንድ ተራራ ተበሳ። ይህ ሁሉ የምሕንድስና ችሎታ ለዕቃው ጥራትም ሆነ ለዋጋው ትክክለኛነት የጨመረው ነገር ምን እንደሆነ እያንዳንዳችን ልንጠይቅ ይገባል።

ለተጫራቹም አንድ ቃል አለኝ። መሣሪያውን ተጠቀመም ተወም፣ ዕቃው ለእርሱ የሚያወጣውን ዋጋ ሰዓቱ ሳይሮጥ፣ እልህም ሳይነሣ በወረቀት ይጻፍ። መሣሪያው ለብዙዎች የጠቀመው በፍጥነቱ ሳይሆን፣ ዋጋቸውን አስቀድመው ቆርጠው እንዲተኙ ስላስገደዳቸው ይመስለኛል። ይህን ደግሞ ያለ መሣሪያም ማድረግ ይቻላል።

በአገራችንም ግዥና ሽያጭ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር በመሻገር ላይ ነው። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ እኔ የጻፍኋትን የመሰለች አንዲት መስመር የምትጽፉበት ቀን ሩቅ አይሆንም። በዚያን ቀን፣ ዘገምተኛ ስልክ ይዞ በሌላው ጫፍ የተቀመጠውን ሰው እንድታስቡት አደራ እላለሁ።