ለአጭር ሞገድ ሬዲዮ ስንት ሜትር ሽቦ ይበቃል?

እሱ፦ የጀርመኑ ጣቢያ ዶቼ ቬለ በአማርኛ ማሰራጨት ከጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. ወዲህ በስደት ያለ ወገናችን የአገሩን ወሬ በአጭር ሞገድ ሲያዳምጥ ኖሯል። በጂዛን፣ የመን ድንበር ላይ፣ አል-ኹባ ላላችሁ የዛሬው ጉዳያችን የአንቴና ሽቦ ነው። ስንት ሜትር ይበቃል?

እሷ፦ 300ን ለጣቢያው ሜጋ ኸርዝ ማካፈል ነው። ለ12 ሜጋ ኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 25 ሜትር ይሆናል፤ ሩቡ 6 ሜትር ገደማ ነው። ለእጅ ሬዲዮ ከዚያ መጀመር ጥሩ ነው።

እሱ፦ 30 ሜትር ብንዘረጋስ?

እሷ፦ ሲረዝም ሁልጊዜ አይሻልም፣ ወንድሜ። ትንሽ ሬዲዮ ኃይለኛ ጣቢያዎች ሲያጨናንቁት ድምፁ ይደበላለቅበታል።

እሱ፦ አገጣጠሙስ?

እሷ፦ የሽቦውን ጫፍ ላስቲክ ልጦ መዳቡን በሬዲዮው አንቴና ላይ መጠምጠም። ሌላውን ጫፍ በመስኮት አውጥቶ፣ ከመብራት መስመር አርቆ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ በናይለን ገመድ ማሰር። የስልክ ቻርጀርም ይነቀል፤ ብዙ ጊዜ የሚያንሿሿው እሱ ነው።

እሱ፦ በተራራማ ቦታ መብረቁስ?

እሷ፦ ዋናው እሱ ነው! ሰማዩ መክበድ ሲጀምር፣ ነጎድጓዱ ሳይቀርብ፣ ሽቦውን ከሬዲዮው ነቅላችሁ ወደ ውጭ አውጡት። ዜናው ነገም ይደርሳል፤ ሕይወት ይቅደም።