የሰርግ ማስታወሻ በእጃችን፣ ሒሳቡም በእጃችን

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)

የሒሳብ ክፍል ሲነሣ የቁጠባ ውዝፍ ሊያነብ ነው እንደምትሉ እናውቃለን። ዛሬ ውዝፍ አናነብም፤ የምናወራው ስለ ሰርግ ነው። መጨረሻው ሒሳብ መሆኑ ግን አይቀርም።

ጥር ሲቃረብ የብድር ማመልከቻ ይበዛል። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለችው ጊዜ አጭር ስለሆነች ሰርጉ ሁሉ እዚያች ላይ ይታጨቃል። ዘንድሮ ከቀረቡልን ማመልከቻዎች በአንዱ ላይ ከድንኳን፣ ከበሬና ከጠጅ ቀጥሎ «የእንግዳ ማስታወሻ» የሚል መስመር አየን። ገንዘቡ ከጠጁ ይበልጣል። እናቲቱን ጠርተን ጠየቅናቸው። ነገሩ እንግዳው ሲወጣ የሚሰጠው፣ የሙሽሮቹ ስም የታተመበት ትንሽ ሣጥን ነው፤ ውስጡ ሦስት ከረሜላ፣ ለ400 ሰው።

ልማዱ በከተማችን የቅርብ ነው። ቢሆንም ልጅቷ የጓደኞቿን ሰርግ አይታለችና የእሷ ሲቀር ከብዷታል። እኛም «ይቅርባት» አላልንም፤ የሰው ሰርግ ላይ እንዲህ ማለት የሒሳብ ክፍል ሥራ አይደለም። ያልናቸው «ይህችን መስመር ለአንድ ሳምንት እናቆያት፣ እስቲ በእጃችን እንሞክረው» ነው።

መጀመሪያ የፈተሽነው ቁጥሩን ነው። 400 ሰው ይጠራል እንጂ 400 ቤት አይጠራም። ካርዱ «ከነቤተሰብዎ» ተብሎ ነው የሚጻፈው። ካርዶቹን አንድ በአንድ ስንቆጥር 218 ሆኑ። ማስታወሻው ለቤት ይሁን አልን፤ ሳይጠራ ለሚመጣው፣ ለድንኳን ተካዩና ለወጥ ቤቶቹ 22 ጨምረን 240 ላይ ቆምን። ገና መቀስ ሳይነሣ 160 ፍሬ ቀነስን ማለት ነው። በዚህ ሥራ ትልቁ ቁጠባ የተገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ሰዎች ግን ሁልጊዜ ከሪቫኑ ይጀምራሉ።

ቀጥሎ የመጣው ውስጡ ምን ይሁን የሚለው ነው። ከረሜላውን ልጆች ገና ከበሩ ሳይወጡ ይጨርሱታል። ቆሎ ታስቦ ነበር፤ ኦቾሎኒ ከገባበት ሲቆይ ጣዕሙ ይበላሻል፣ ካልገባበት ደግሞ ሙሽራዋ ፊቷን አዞረች። በቡና ተስማማን። ክርክሩ የተቆላ ይሁን ወይስ ጥሬ በሚለው ላይ ሆነ። ወጣቶቹ የተቆላ አሉ። አንዲት እናት ግን «የተቆላ ከሰጠኸው ሽታውን አንተ ጨርሰህ ነው የምትሰጠው» አሉ። እውነት አላቸው። ቡና ቤቱ ውስጥ የሚሸተው ሲቆላ ነው፤ እንግዳው ሙሽሮቹን የሚያስታውሰውም ያኔ ነው።

እኛ ደግሞ በሚዛን አየነው። የተቆላ ቡና በሲኒ ሙሉ ሲሰፈር 30 ግራም ገደማ ይሆናል፤ ለ240 ፍሬ 7 ኪሎ ከ200። ቡና ሲቆላ ከክብደቱ እስከ አንድ አምስተኛ ስለሚያጣ 9 ኪሎ ጥሬ መግዛት ያስፈልጋል። ጥሬው ግን ከባድ ነው፤ ያው ሲኒ 50 ግራም ገደማ ይይዛል፣ ስለዚህ 12 ኪሎ ይፈልጋል። ሦስት ኪሎ ይጨምርብናል፤ በምትኩ ስድስት ሰዓት ምጣድ ላይ መቆምና የከሰሉ ወጪ ይቀርልናል። የተቆላ ቡና ቅባቱ ወረቀቱን ያበላሻል፣ ቶሎም ይደክማል፤ ጥሬው ከደረቀ ቦታ እስከተቀመጠ ድረስ አያስቸኩልም። ለአንድ ቤት አንድ ጀበና የሚያፈላ መሆኑም ደስ አሰኘን። በጥሬው ጸናን። አደራ፣ ልቀሙት እንጂ አትጠቡት፤ እርጥበት ይዞ ከታሸገ ይሻግታል።

ማሸጊያው ካኪ ወረቀት ነው፤ በትልቁ ተገዝቶ በእኛው መቀስና ኮላ ፖስታ ሆነ። ለስሙ ማተሚያ ቤት አልሄድንም፤ ማህተም የሚሠሩ ሰዎች ዘንድ የሙሽሮቹን ስም የያዘ አንድ ማህተም አሠራን። ቀን አላስገባንበትም። ሐዘን ከመጣ ሰርግ ይገፋል፣ ቀን የታተመበት 240 ፖስታ ደግሞ አይገፋም። ማህተሙን ለሙሽሮቹ ሰጠናቸው፤ ምን እንደሚያደርጉበት እነሱ ያውቃሉ። ለማሰሪያ የሐበሻ ቀሚስ ከሚሰፉ ሰዎች የተረፈ የጥለት ቁርጥራጭ ለመንን። ጫፉ እንዳይተረተር ኮላ ነካ ማድረግ ይበቃል።

የእያንዳንዱን እንግዳ ስም እንጻፍ የሚል ሐሳብም ነበር። ማን እንደሚመጣ በማይታወቅበት ሰርግ ይህ አይሆንም። ለሽማግሌዎቹ፣ ለሚዜዎቹ፣ ለክርስትና እናቷና ከገጠር ለመጡት ዘመዶች፣ በጠቅላላው ለ30 ሰው ብቻ፣ ጽሕፈቷ የሚያምረው አባላችን በእጇ ጻፈች። ከገጠር የመጡት አንድ አጎት ስማቸውን አይተው ፖስታውን ሳይከፍቱ በደረት ኪሳቸው ከተቱት።

ለዕቃ የወጣው ገንዘብ ማመልከቻው ላይ ከነበረው ከግማሽ በታች ሆነ፤ ያችም መስመር ከብድሩ ወጣች። እዚህ ላይ ብናቆም ታጨበጭቡልን ነበር። ግን ሌላም ሒሳብ አለ።

አንዱን ፖስታ ቆርጦ፣ አትሞ፣ ሰፍሮ ለማሰር አራት ደቂቃ ይፈጃል። ለ240 ሲሆን 16 ሰዓት ነው። ቡናውን መልቀም 10 ሰዓት ወሰደ። በድምሩ 26 ሰዓት፣ ማለትም የአንድ ሰው ከሦስት ቀን በላይ ሥራ። ስምንት ሆነን ስለተካፈልነው አልታወቀንም። ከስምንቱ አንዷ ግን እንጀራ ጋግራ የምታድር ናት፤ በዚያ ቅዳሜ ምጣዷን አልጣደችም። ማንም አልጠየቃትም፣ እሷም አልተናገረችም። እኛ ያየነው መዝገቡ ላይ ነው፤ በዚያ ሳምንት ቁጠባዋ አልገባም።

ከሰርጉ በኋላ ደግሞ የሙሽራው ዘመዶች «ለእኛም ሥሩልን» ብለው መጡ። የዕቃውን ዋጋ ብቻ ነው የጠየቁት፤ የእጁን ማንም አላነሣም። ስለዚህ ለዛሬው ስብሰባ ይህን ሐሳብ አቅርበናል። ለአባል ልጅ ሰርግ አንድ ቅዳሜ በደቦ እንሠራለን፣ ቤተሰቡ ዕቃውን ይችላል። የዕለት ገቢዋን የምታጣ አባል ግን የዚያን ሳምንት ቁጠባዋ ከማኅበሩ ሣጥን ይተካላት። ከውጭ ለሚያዝ ሰው ዋጋው የዕቃው፣ የሰዓቱና የትራንስፖርቱ ድምር ይሆናል፤ የሰዓቱ ክፍያ ቀድሞ ለሠሪዎቹ ይሰጥ፣ ከዚያ አሥር በመቶ ወደ ሣጥን ይግባ። «ለዘመድ እንዴት ብር እንጠይቃለን» የምትሉ እንዳላችሁ ሰምተናል። ድንኳን ተካዩም የአንዳንዶቻችን ዘመድ ነው፤ ሙሉውን ተቀብሏል።

የብር ቁጥር ያልጠቀስነው የቡናም የወረቀትም ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ነው። በጀርባ ያለው ሠንጠረዥ ባዶ ነው፤ ገዝታችሁ ስትመጡ የዕለቱን ዋጋ ሙሉበት። ከፋሲካ በኋላ ለሚደረግ አንድ ሰርግ 150 ፍሬ ታዝዟል፣ የምትችሉ በጸሐፊዋ ዘንድ ተመዝገቡ። የሚቆርጥ መቀስ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ባለፈው ሁለቱ ደንዝዘው አስቸግረውናል።