የሱቄ መሳቢያና የሂሳብ መጽሐፍ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። እንግዲህ ስለ መጻሕፍት ለመናገር ስነሳ ፈገግ የሚል ቢኖር አልቀየምም። ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ስሠራ የሰውን ፋይል በቁጥርና በቀን አስቀምጫለሁ፤ የራሴን ኑሮ ግን አንድም ቀን በወረቀት ላይ አላሰፈርኩም።

ጡረታ እንደወጣሁ ከባለቤቴ ጋር በግቢያችን ደጃፍ ሱቅ ከፈትን። መነሻችን የዕድሜ ልክ ቁጠባችን፣ 60,000 ብር ነበር። በቀን 2,000 ብር ያህል ስለምንሸጥ፣ ማታ ማታ መሳቢያውን ስከፍት ሀብታም የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ለአትክልቱ፣ ለመብራቱ፣ ለልጅ ታክሲ ከዚያው መዘዝ ነው። በዓመቱ መደርደሪያው እየሳሳ ሄደ። የሦስት ወር የዕድር መዋጮ ያልከፈልኩትም ያን ጊዜ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ንቆን ነው» ብላችኋል አሉ። ንቀት አልነበረም፤ አፍሬ ነው።

መጀመሪያ የገዛሁት መጽሐፍ በአጭር ጊዜ ባለጸጋ መሆንን አስተምራለሁ የሚል ነበር። «ይቻላል፣ ይቻላል» ይላል እንጂ የአንድ ኪሎ ስኳር ትርፍ እንዴት እንደሚታሰብ አይናገርም። ገንዘቤን በላው። ሁለተኛውን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት የአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች አገኘሁ። ሽፋን የሌለው የተማሪ የሂሳብ መዝገብ አያያዝ መማሪያ ነው። ማታ ሁለት ሁለት ገጽ አነብ ነበር። ዴቢትና ክሬዲት የሚሉት ነገር ራሴን አዞረው፤ ልጄ ባታስረዳኝ ኖሮ እተወው ነበር።

መጽሐፉ ከሁሉ አስቀድሞ የቤቱንና የሱቁን ገንዘብ አትደባልቅ፣ ያለህንና ያለብህን ቆጥረህ ጻፍ ይላል። ደንቡ ዛሬ የመጣ አይደለም። ሉካ ፓቾሊ የሚባል ጣሊያናዊ መነኩሴ የቬኒስ ነጋዴዎች ይሠሩበት የነበረውን የሂሳብ አያያዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1494 በመጽሐፍ አሳትሞታል፤ እሱም ነጋዴውን በመጀመሪያ ንብረትህንና ዕዳህን ዘርዝር ነው የሚለው። የኛውም ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው የሀብት መሠረቱ ዕውቀት መሆኑን አስረድተዋል። እሳቸው እንግዲህ በድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ንግድን በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው።

እኛም አንድ እሑድ ሱቁን ዘግተን ቆጠርን። ዕቃው 15,000 ብር፣ በካርቶን ቁራጭ ላይ የተጫጫረው ዱቤ 9,000 ብር። ታዲያ 36,000 ብር የት ገባ? ባለቤቴ ሌባ ገብቷል አለች። ሌባው እኔ ነበርኩ። ከ2,000 ብር ሽያጭ ውስጥ የዕቃው መግዣ 1,800 ነው፤ ትርፉ 200። ከመሳቢያው የምናወጣው ግን 300 ነበር። በቀን 100 ብር ከዋናው እንበላለን፤ በወር 3,000፣ በዓመት 36,000። የሁለተኛ ክፍል ልጅ የሚሠራው መቀነስ ነው፤ እኔ ግን ዓመት ሙሉ አልሠራሁትም።

ከዚያ ወዲህ ለሁለታችን በቀን 150 ብር ደመወዝ ቆረጥን፤ የጎደለውን ከጡረታዬ እንሞላለን። ዱቤ በደብተር ሆነ፤ ቀኑ፣ የወሰደው፣ የከፈለው። አንድ ዘመዴ ስሙን ደብተሩ ላይ ሲያይ ተቆጥቶ ስድስት ወር ደጃችንን ሳይረግጥ ቀረ። ዘመድ እንዴት እንደሚያዝ መጽሐፉ ውስጥ የለም።

ዓመት ሞልቶን እንደገና ስንቆጥር 41,000 ብር ደርሰናል። ገና ነው። የዕድሩን ውዝፍ ግን ከነቅጣቱ ከፍያለሁ።

መጽሐፉን ለዕድራችን ቤት ሰጥቻለሁ፤ ብረት ድስቶቹ ካሉበት መደርደሪያ ላይ ነው ያለው። የሚፈልግ አባል ንብረት ያዡ ዘንድ እየፈረመ ይውሰድ። ስለ ዱቤ የሚናገረው ገጽ ላይ ሻይ ፈሶበታል፤ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ፣ ይነበባል።