ሥራ ስንለቅ የምንተወው ገንዘብ



እኛ የሥራ ፈቃድ አግኝተን ናይሮቢ ያስተማርን መምህራን በ2024 ለ5 ወር በወር 40,000 ሽልንግ እየተከፈለን ሠርተን ውላችን አለቀ። የተቆረጠብንን ግብር «ዕጣችን ነው» ብለን ተውነው። ተሳስተን ነበር።

በኬንያ ግብር በየወሩ የሚቆረጠው ዓመቱን ሙሉ እንደምንሠራ ታስቦ ነው፤ ሒሳቡ የሚዘጋው ግን በዓመቱ ጠቅላላ ገቢ ነው። በዚያ ዓመት እስከ 288,000 ሽልንግ የዓመት ገቢ ግብሩ 10 በመቶ ብቻ ነበር። የእኛ ገቢ 200,000 ነው። ስለዚህ ትርፉ ይመለሳል።

ሥራ ስትለቁ ፒ-9 የሚባለውን የግብር ወረቀት ከአሠሪያችሁ ጠይቁ። በፒን ቁጥራችሁ አይታክስ ላይ እስከ ቀጣዩ ዓመት ጁን 30 ገቢያችሁን አስታውቃችሁ ተመላሹን ጠይቁ።

እኛ ወረቀቱን ሳንይዝ ወጥተን አሠሪያችንን ስንፈልግ ወራት ፈጀን። እናንተ አትድገሙት፤ የላባችሁ ዋጋ ነው።